ያጠረው አጥንት፣ የተዘረጋው ላባ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የቻይና ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ የወፍ ቅሪተ አካል ይፋ አደረጉ። የተገኘው በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ፉጂያን ክፍለ ሀገር ውስጥ ዠንግኸ በሚባል አካባቢ ነው። ስሙን ባሚኖርኒስ ዠንግኸንሲስ አሉት። አካሉ ሙሉ አይደለም፤ ራስ ቅሉ የለም። የተረፉት የትከሻ፣ የክንፍ፣ የዳሌና የእግር አጥንቶች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ አንዲት አጭር ጅራት አለች። የጅራቷ የመጨረሻ አከርካሪዎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ አጥንት ሆነዋል። የድንጋዩ ዕድሜ ወደ 149 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ይህች ትንሽ አጥንት ለምን ያን ያህል እንዳስገረመች ለመረዳት ከእሷ በፊት የነበረውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከዚያች ቀን ድረስ ከጁራሲክ ዘመን የሚታወቀው፣ ብዙዎች ያለ ክርክር ወፍ ነው የሚሉት እንስሳ የጀርመኑ አርኪኦፕተሪክስ ብቻ ነበር፤ እሱም ረጅም፣ አጥንታም፣ የእንሽላሊት ዓይነት ጅራት ነበረው። ጅራታቸው ያጠረ ወፎች ደግሞ በቅሪተ አካል መዝገብ ውስጥ ብቅ የሚሉት ከዚያ ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ዘግይተው፣ በክሪቴሺየስ ዘመን ነበር። ስለዚህ መምህራንም፣ የመማሪያ መጻሕፍትም፣ የሙዚየም ሥዕሎችም አንድ ዓይነት ታሪክ ይናገሩ ነበር፦ መጀመሪያ ረጅም ጅራት፣ ቀጥሎ ጥቂት ያጠረ፣ በመጨረሻም ዛሬ የምናውቀው ቁንጽል ጅራት። ባሚኖርኒስ ግን የአርኪኦፕተሪክስ ዘመነኛ ነው። አንዱ በዛሬዋ ጀርመን፣ ሌላው በዛሬዋ ቻይና፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ጅራት ይዘው በአንድ ዘመን ኖረዋል።

ግኝቱ የአጭር ጅራትን መነሻ ዘመን ወደኋላ ከመግፋት ያለፈ ነገር እንደሠራ አምናለሁ። የቆየው ታሪክ ትልቁ ጉድለት የዘመን ስሌቱ አልነበረም፤ የወፍን ጅራት እንደ አንድ ነገር መቁጠሩ ነበር። የወፍ ጅራት ግን ሁለት ነገር ነው፤ አጥንትና ላባ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አልተለወጡም፣ በአንድ ምክንያትም አልተለወጡም። አጥንቱ ሲያጥር ላባው የግድ አልተዘረጋም፤ ላባው ሲዘረጋም የግድ ለመብረር አልነበረም።

በመጀመሪያ ግን ጅራቱን ራሱን እንየው። ዶሮ የበለተ ሰው ሁሉ በእጁ ነክቶታል። ከጀርባዋ አጥንት መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ስብ የለበሰችው፣ ሾጠጥ ያለች ቁራጭ እውነተኛው ጅራት ናት። ውስጧ ጥቂት የሚተጣጠፉ አከርካሪዎች አሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ብዙ አከርካሪዎች ተዋሕደው የሠሩት፣ ወደ ላይ ቀና ያለ ጠፍጣፋ አጥንት ይገኛል። ሊቃውንቱ ፒጎስታይል ይሉታል። ከላይዋ ወፏ ላባዋን የምታለሰልስበት የቅባት ዕጢ አለ፤ ብዙ ባለሙያ ሴቶች ወጡ እንዳይሸት ብለው የሚያወጡት እሱን ነው። በአጥንቱ ግራና ቀኝ ስብና ጡንቻ ያቀፋቸው የላባ ሥሮች ተሰክተዋል። አብዛኛዎቹ ወፎች 12 የጅራት ላባ አላቸው፤ ስድስት ከግራ፣ ስድስት ከቀኝ። ያ ጡንቻ ሲኮማተር ላባዎቹ እንደ ማራገቢያ ይከፈታሉ፤ ሲላላ ይዘጋሉ። እኛ ከሩቅ ጅራት ብለን የምናየው ይህን ላባ ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

አርኪኦፕተሪክስ እንዲህ አልነበረም። አጽሙ በባቫሪያ፣ በሶልንሆፈን የኖራ ድንጋይ ካባዎች ውስጥ ሲገኝ ዘመኑ 1861 ነበር፤ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ። ከ20 በላይ የሆኑ ነጻ አከርካሪዎች በአንድ መስመር ተደርድረው፣ በእያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ ላባ በቅሎባቸው ይታያሉ። ቅርጹ የዘንባባ ዝንጣፊን ይመስላል። ክንፉ የወፍ፣ ጅራቱ የተሳቢ እንስሳ መሆኑ ለዳርዊን ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ሆነ። ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ በ1860ዎቹ መጨረሻ ወፎችን ከዳይኖሰሮች ጋር ሲያዛምድ ይህ እንስሳ ከዋነኞቹ ምስክሮቹ አንዱ ነበር። ያ ምስክርነት ዛሬም ጸንቶ ይኖራል። ያልጸናው ከዚያ በኋላ የተጨመረው ነገር ነው፤ አርኪኦፕተሪክስ ራሱ የዛሬዎቹ ወፎች ቀጥተኛ አያት ነው፣ የእሱ ጅራት እየተቆረጠ እየተቆረጠ የእርግብ ጅራት ሆነ የሚለው ሐሳብ።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሊያዎኒንግ ክፍለ ሀገር የተገኙት ቅሪተ አካላት ይህን ሐሳብ ቀስ በቀስ ሲሸረሽሩት ቆይተዋል። እዚያ የእሳተ ገሞራ አመድ የሐይቅ ደለልን እያለበሰ፣ አጥንት ብቻ ሳይሆን ላባም ጭምር ጠብቆ አቆይቷል። በ2002 የተገለጸው ጄሆሎርኒስ ከአርኪኦፕተሪክስ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይቶ የኖረ ነው፤ ሆኖም የጅራት አከርካሪዎቹ እስከ 27 ይደርሳሉ። ከቀደመው ይልቅ የኋለኛው ረዝሞ ተገኘ ማለት ነው። በ2013 ጂንግማይ ኦኮነርና ባልደረቦቿ በዚሁ ወፍ ላይ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል፤ ጄሆሎርኒስ በጅራቱ ጫፍ ላይ ካለው የዘንባባ ቅርጽ ሌላ፣ በጅራቱ መነሻ ላይ፣ ጀርባው ካበቃበት ስፍራ፣ ሁለተኛ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ላባ ነበረው። በአንድ አካል ላይ ሁለት ጅራት መሆኑ ነው። እንዲህ ዓይነት ወፍ ዛሬ የለም።

በዚያው ምድር፣ በተቀራራቢ ዘመን፣ ኮንፊሺየሶርኒስ የተባለው ወፍ ይኖር ነበር። በ1995 የተገለጸ ሲሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ አጽሞች ተገኝተውለታል። የጅራቱ አጥንት አጭር ነው፤ አከርካሪዎቹ ተዋሕደው እንደ በትር ሆነዋል። በአሮጌው ታሪክ መሠረት እዚያ አጥንት ላይ የሚዘረጋ ላባ መጠበቅ ነበረብን። የለም። ጅራቱ ላይ ያለው ወይ አጫጭር ለስላሳ ላባ ብቻ ነው፣ ወይ ደግሞ ከአካሉ የሚረዝሙ ሁለት ጥብጣብ መሰል ላባዎች። ለአየር ጉዞ የሚረዳ ገጽ የሚባል ነገር የለውም። አጥንቱ አጥሯል፤ ማራገቢያው ግን አልመጣም።

ተቃራኒውም አለ። በ1998 የተገለጸው ካውዲፕተሪክስ ክንዶቹ አጫጭር ስለነበሩ መብረር የማይችል ዳይኖሰር ነበር፤ ነገር ግን በጅራቱ ጫፍ ላይ ማራገቢያ መሳይ ላባ ተዘርግቶለታል። የእሱ ዘመድ የሆነው የሞንጎሊያው ኖሚንጊያ ደግሞ በጅራቱ ጫፍ የተዋሐዱ አከርካሪዎች ነበሩት፤ እሱም ከመሬት አልተነሣም። መብረር የማያውቁ እንስሳት ለበረራ ተሠሩ የምንላቸውን ሁለቱንም ነገሮች፣ ማራገቢያውንም የተጣበቀውን አጥንትም፣ በየራሳቸው መንገድ አግኝተዋል። የጅራትን ታሪክ ከበረራ ብቻ ተነሥቶ ለሚተርክ ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አጥጋቢ መልስ ሲሰጠውም አላየሁም።

እንግዲህ አጥንቱ ለምን አጠረ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ክብደት ለመቀነስ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘለዋል፤ ዋናው ነገር ያለው እግር ላይ ነው። በዳይኖሰሮች አካል ውስጥ ጅራት የመራመጃ ሞተር መልሕቅ ነበር። ከጅራት አከርካሪዎች ተነሥቶ የጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ወፍራም ጡንቻ ነበራቸው፤ አዞዎች ዛሬም አላቸው። እንስሳው ሲራመድ ያ ጡንቻ ጭኑን ወደኋላ ይስበዋል። ስቲቨን ጌትሲ በ1990 ያሳተሙት ጥናት ይህ ጡንቻ ወደ ወፎች በሚወስደው የዘር ሐረግ ላይ እየመነመነ እንደመጣ በአጥንት ላይ ከቀረው ምልክት አሳየ። በወፎች ላይ ጭን አግድም ተኝቶ በብዛት ጸጥ ይላል፤ እርምጃው ከጉልበት በታች ነው። ዶሮ ስትራመድ ጉልበቷ የት እንዳለ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ብዙዎች ወደኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስላቸው ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ጉልበቷ ላባ ውስጥ ተሸሽጓል።

ጌትሲ ከኬኔት ዳያል ጋር በ1996 ነገሩን ወደፊት ወሰዱት። ጅራት ከእግር ሥራ ነጻ ሲወጣ ለሌላ ሥራ ክፍት ሆነ፤ ከክንፍ ጋር ተጣምሮ ለበረራ ማገልገል ጀመረ የሚል ነው ሐሳባቸው። ከዚህ ሐሳብ የምወደው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ጅራት ከአሮጌ ግዴታው ተፈታ፤ አዲሱ ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። አጥንቱ ሲያጥር «ለበረራ ማራገቢያ ልሠራ ነው» ብሎ አላጠረም፤ ዝግመተ ለውጥ ወደፊት አያይም።

በ2014 በቺሊ ዩኒቨርሲቲ ብሩኖ ግሮሲና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ሙከራ ይህን ከሌላ አቅጣጫ አሳይቷል። ጫጩቶችን ከተፈለፈሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጀምሮ ከኋላቸው ሰው ሠራሽ የእንጨት ጅራት አስረው አሳደጓቸው። የክብደታቸው ማእከል ወደኋላ ሲሸሽ ዶሮዎቹ ጭናቸውን ቀጥ አድርገው፣ ከዳሌያቸው እየተወዛወዙ መራመድ ጀመሩ፤ ዳይኖሰሮች እንዲህ ይራመዱ እንደነበር የሚገመተው ዓይነት አረማመድ ነው። ሙከራው በዓለም ዙሪያ ሰዎችን አሳቀ፤ እኔ ግን ከቁም ነገሩ ጋር ነኝ። የጅራት ርዝመት የሚወስነው ከኋላ ያለውን ብቻ አይደለም፤ አንድ እንስሳ በምድር ላይ እንዴት እንደሚቆም ይወስናል።

ማጠሩ እንዴት በአካል ላይ እንደተፈጸመ ደግሞ ፅንስ የሚነግረን አለ። የዶሮ ፅንስ በእንቁላል ውስጥ ሲያድግ ከመጨረሻው የሚበዙ የጅራት ጅማሮዎች ይኖሩታል፤ ከዚያ አንዳንዶቹ ይጠፋሉ፣ ሌሎቹ ይጣበቃሉ። ዳና ራሺድና ባልደረቦቻቸው በ2014 ጅራታቸው ያጠረ የላቦራቶሪ አይጦችን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ አንድ ነገር ደጋግሞ ታያቸው፤ ጅራትን የሚያሳጥሩ የዘረ መል ለውጦች ብዙ ጊዜ አከርካሪዎችንም ያጣብቃሉ። ማጠርና መጣበቅ ሁለት የተለያዩ ረጅም ጉዞዎች ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው፤ በአንድ ወይም በጥቂት ለውጦች አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ይህ ከሆነ፣ ረጅም ጅራት ባላቸውና አጭር ጅራት ባላቸው መካከል መካከለኛ ርዝመት ያለው ወፍ አለመገኘቱ የመዝገብ ጉድለት ሳይሆን መካከለኛው ዘመን አጭር ስለነበረ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ቡድን በ2018 ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። በዶሮ ላይ የጅራት አከርካሪዎች ተጣብቀው የሚያልቁት ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ነው። ስለዚህ በድንጋይ ውስጥ የተገኘ የጥንት ጫጩት አከርካሪዎቹ ሳይጣበቁ ቢታይ መካከለኛ ዝርያ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም፤ ልጅ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ2008 የተገለጸው ዞንግኦርኒስ፣ አጭር ግን ያልተጣበቀ ጅራት ያለው፣ «የጠፋው መካከለኛ ተገኘ» ተብሎ ነበር፤ ያ አጽም ግን የለጋ ወፍ ነው። የደረጃውን መሰላል ለማሟላት የነበረው ጉጉት ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ባሚኖርኒስ እንመለስ። አንድ አጽም ብቻ ነው፣ ከአንድ ስፍራ፣ ያለ ራስ ቅል። ትከሻውና ዳሌው ወደ ኋለኞቹ ወፎች ያደላሉ፤ እጁ ግን ገና የዳይኖሰር እጅ ነው። እንዲህ የተቀላቀለ አካል በዘር ሐረግ ላይ የት እንደሚቀመጥ ወደፊት ክርክር ይነሣበታል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። የማይናወጠው ግን አጭሩና የተጣበቀው ጅራት በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ላይ መኖሩ ነው። ከዚህም የሚከተል አለ፤ ወፎች ከተቀሩት ዳይኖሰሮች የተለዩበት ዘመን ከዚህ ቀደም ብሎ መሆን አለበት፤ ከ149 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሁለት ዓይነት ጅራት ይዘው ለመገኘት ጊዜ አስፈልጓቸዋልና። ጄሆሎርኒስም ረጅም ጅራቱን ይዞ አጭር ጅራት ካላቸው ወፎች ጋር ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን መኖሩ አሁን ያን ያህል አይገርምም። ረጅሙ ጅራት በአጭሩ ተሸንፎ ወዲያው አልጠፋም። ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሁለቱም ጥሩ አድርገው አገልግለዋል።

ላባው ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝም እሱ ነው።

ወደ ኮንፊሺየሶርኒስ ሁለት ጥብጣብ ላባዎች ልመለስ። አንዳንዶቹ አጽሞች ይህ ላባ አላቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም። ለረጅም ጊዜ ላባ ያላቸው ወንዶች፣ የሌላቸው ሴቶች ይሆናሉ ተብሎ ይገመት ነበር፤ ግምት ብቻ። በ2013 አኑሱያ ቺንሳሚና ሉዊስ ኪያፔ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥብጣብ ላባ የሌለውን የአንድ አጽም አጥንት በአጉሊ መነጽር መረመሩ። ውስጡ የተለየ ዓይነት አጥንት አገኙ፤ ሴት ወፎች እንቁላል ሊጥሉ ሲሉ ብቻ የሚሠሩት፣ ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚሆን ካልሲየም የሚያጠራቅሙበት። ያቺ ላባ አልባ ወፍ ሴት ነበረች። እንግዲህ ከ120 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ያ ረጅም ላባ የበረራ መሣሪያ ሳይሆን የወንድ ጌጥ ነበር ብሎ መደምደም ይቻላል።

በ2021 ደግሞ ዩዋንቹዋቪስ መጣ፤ እሱም የቻይና ወፍ ነው። ይህ ወፍ ኤናንቲኦርኒታይንስ ከሚባሉት፣ በክሪቴሺየስ ዘመን ዓለምን ሞልተው ከነበሩትና ከዳይኖሰሮቹ ጋር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ካለቁት ወገን ነው። ጅራቱ ላይ አጭር ማራገቢያ አለ፤ ከመካከሉ ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ይህን ጅራት ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ደጋ፣ አበባ ባለበት ሁሉ፣ የተከዜን ወንዝ ስም በሳይንሳዊ ስሙ የተሸከመ አንድ ሰንበርድ አለ፤ ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን አበባ ውስጥ ከትቶ የሚመጥ፣ ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊና ነሐስማ የሚያንጸባርቅ። ወንዱ ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች አሉት፤ ሴቷ የላትም። ሁለቱ ወፎች ቅርብ ዝምድና የላቸውም። አንዱ ጅራት ከሌላው አልተወረሰም። ተመሳሳይ ፍላጎት በሁለት የተለያዩ ዘመናት ተመሳሳይ ቅርጽ ሠራ።

ይህ ፍላጎት በሳይንስ ፆታዊ ምርጫ ይባላል። ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ የፒኮክ ጅራት ላባ ሲያይ እንደሚያመው ነግሮት ነበር፤ ለኑሮ የማይጠቅም ይህ ሁሉ ጌጥ በተፈጥሯዊ ምርጫ እንዴት ይገለጻል ብሎ። መልሱን በ1871 ባወጣው መጽሐፍ በሰፊው ሰጠ፤ ሴቶቹ ይመርጣሉ። ብዙዎች የዘመኑ ሊቃውንት ሴት ወፍ የመምረጥ አቅም አላት የሚለውን ለመቀበል አልፈለጉም። (በነገራችን ላይ የፒኮክ ትርኢት የሚሠራበት ላባ ከጅራቱ በላይ ከጀርባው የሚበቅል ነው፤ እውነተኛው ጅራት ከኋላ ሆኖ ያንን ላባ ቀና አድርጎ ይደግፋል።)

ማስረጃው በሙከራ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከጎረቤታችን ኬንያ ነው። ስዊድናዊው ማልቴ አንደርሶን በኪናንጎፕ ደጋ ላይ የሚኖረውን ረጅም ጅራት ዊዶውበርድ አጠኑ። ወንዱ ጥቁር ሲሆን ጅራቱ ግማሽ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ሴቷ ግን ቡናማ፣ ጅራቷም አጭር ነው። አንደርሶን 36 ወንዶችን ያዙ። የአንዳንዶቹን ጅራት ወደ 14 ሴንቲ ሜትር አሳጠሩ፤ የተቆረጠውን ላባ በሌሎች ጅራት ላይ በሙጫ ቀጥለው በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዘሙ፤ የቀሩትን አልነኩም፣ ወይም ቆርጠው እዚያው መልሰው ለጠፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ወንድ ግዛት ውስጥ ስንት ጎጆ እንደተሠራ ቆጠሩ። በ1982 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ጅራታቸው የረዘመላቸው ወንዶች ከሁሉም በላይ ብዙ ሴቶችን ሳቡ። ጅራታቸው ያጠረባቸው ግን ግዛታቸውን አላጡም፤ ከሌሎች ወንዶች ጋር የነበራቸው ፉክክር ላይ ጅራቱ ለውጥ አላመጣም። ጅራቱ የሚናገረው ለሴቷ ነው።

ይህን ሙከራ ከሁሉ በላይ የምቆጥርለት ተፈጥሮ ራሷ ያልሠራችውን ርዝመት ሴቶቹ መውደዳቸውን ስላሳየ ነው። ምርጫቸው አሁን ካለው ጅራት አልፎ ይሄዳል። እንግዲያው ጅራቱን በዚያ ልክ የሚያቆመው ሌላ ነገር መሆን አለበት፤ ዝናብ የነከረው ላባ ክብደት፣ ነፋስ፣ ምግብ፣ አዳኝ። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘውና አንገቱ ላይ ቀይ ያለበት የዚህ ወፍ ዘመድ በደቡብ አፍሪካ ሲጠና ደግሞ ሥራው ተከፋፍሎ ተገኘ፤ ጅራቱ ሴቷን ይስባል፣ ቀዩ ቀለም ሌሎች ወንዶችን ያስጠነቅቃል።

ይህ ሁሉ ግን የወፍ ጅራት ለበረራ አይጠቅምም ለማለት አይደለም። በ2020 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ጭልፊትና ሁለት ዓይነት ጉጉቶችን በሂሊየም በተሞሉ የሳሙና አረፋዎች መካከል እንዲንሳፈፉ አደረጉ፤ አረፋዎቹ ከኋላቸው ሲሽከረከሩ አየሩ እንዴት እንደተገፋ በካሜራ ለኩ። ጅራቱ ሚዛን ከመጠበቅ አልፎ ወፏን ወደ ላይ ያነሣታል፤ እንዲህ በማድረጉም አየሩ የሚጎትታትን ኃይል ይቀንሳል። አውሮፕላን ከኋላው የቆመ ክንፍ ያስፈልገዋል፤ ወፍ ግን የላትም። በ2024 ዴቪድ ሌንቲንክና ባልደረቦቹ የእርግብ ላባ ለብሶ ክንፉንም ጅራቱንም የሚለዋውጥ ሮቦት አብርረው፣ የቆመ ክንፍ ሳይኖር እንዴት ሚዛን እንደሚጠበቅ አሳይተዋል።

ግን ጅራት ለበረራ ሲያገለግል እንኳ የሚያገለግለው በወፏ ኑሮ ልክ ነው። በቆላችን የሚገኘው ባተለር የተባለው ንስር ጅራቱ አጭር ከመሆኑ የተነሣ ሲበር እግሩ ከጅራቱ አልፎ ይታያል። የሚደንቀው ጫጩቱ ከአዋቂው የሚረዝም ጅራት መያዙ ነው፤ ከዓመት ወደ ዓመት ላባው ሲቀየር ጅራቱ እያጠረ ይሄዳል። ግንደ ቆርቁር ጅራቱን ግንዱ ላይ ተደግፎበት ይቆማል፤ ላባው ጠንካራ ነው። ራያን ፌሊስና ፓትሪክ ኦኮነር በ2014 እንዳሳዩት ውኃ ውስጥ ጠልቀው በሚያድኑ የማይዛመዱ ወፎች ላይ የተጣበቀው አጥንት ደጋግሞ ረዘም ያለና ቀጥ ያለ ሆኗል። ያ የጋራ አጥንት፣ ከ149 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሚኖርኒስ ላይ የምናየው፣ ዛሬም መቀረጹን አላቆመም።

ቀጣዩ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ጁራሲክ ወፍ እስካሁን የተገኘው ከጀርመንና ከቻይና ነው። ከአፍሪካ አንድም የለም። የለም ማለት ግን አልነበረም ማለት አይደለም፤ በአፍሪካ ያን ዘመን የተፈለገበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ በኢትዮጵያ ነው። በሰሜን ምዕራቡ የኢትዮጵያ አምባ ሸለቆዎች የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባል የድንጋይ ንጣፍ አለ፤ ዕድሜው የጁራሲክ መጨረሻ ነው፤ አርኪኦፕተሪክስና ባሚኖርኒስ የኖሩበት ዘመን። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ከዚያ የዳይኖሰር ጥርሶችን አሳትመዋል፤ በ2007 ደግሞ የአንዲት ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ። እንዲህ ያለች ኢምንት ጥርስ ከተገኘች የወፍ አጥንትም በዚያው ልክ ሊገኝ ይችላል። ላባ ያስቀምጣል ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ለዚያ እንደ ሊያዎኒንግ ያለ ጸጥ ያለ ሐይቅና አመድ ያስፈልጋል። የተጣበቀ የጅራት አጥንት ግን ጠንካራ ነው፤ ከጥርስ ሌላ እሱም ሊተርፍ ይችላል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምድር ተማሪዎቻቸውን ወደ ሉሲ ዘመን ድንጋዮች እንደሚልኩ ሁሉ ወደ እነዚህም ቢልኳቸውና በወንፊት ቢያስፈልጓቸው፣ አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚኖራት ድርሻ መታወቅ ይጀምራል።